ከካስኩ ስር

«ጀንበሯ ደግሞ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» ትለኛለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ቢጎዲኑን ጭንቅላቴ ላይ እየጠቀለለች።

«እያለቀሰች አይደለም። የደም እንባዋን በአድማስ ጉንጭ ላይ እያፈሰሰች ነው።»

«ታዲያ ያ ማልቀስ አይደል?»

ወረቀቴን አገላብጣለሁ። ዛሬ አመሻሽ ላይ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የጻፍኩትን ልብ ወለድ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ለሰው ላነብ ነው። ለልምምድ ብዬ የመጀመሪያውን ገጽ እዚሁ ፀጉር ቤት ባነበው፣ ጥፍሯን የምታሠራውን ወይዘሮ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ሳስነጥስ እንኳ «አቤት አስነጣጠስ!» የምትለው አክስቴ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ «ረዥም ነው አይደል?» ብላ ብቻ አለፈች።

ጉዱ ደግሞ ታሪኩ የሷ የራሷ መሆኑ ነው። እንዳታውቅብኝ ብዬ ነው ጀንበሯን፣ አድማሱን፣ «ምስጢራዊቷን እመቤት» ሁሉ የከመርኩበት። እውነቱን ለመናገር ሌላም ፍርሃት አለብኝ። እቤት እንደምናወራው ብጽፈው ማን ደራሲ ይለኛል? የሰፈር ወሬማ ማንም ያወራል።

«ስሚኝማ» እላታለሁ ፀጉር ሠሪዋን በሹክሹክታ፣ «ስልኬን ውሰጂና ለዝግጅቱ አዘጋጅ ደውይልኝ። ታማለች፣ ድምጿ ተዘግቷል በይው።»

«ድምፅሽማ ደህና ነው።»

«በይው አልኩሽ!»

«እሺ፣ መጀመሪያ ይድረቅልሽ። ብትቀሪስ እንዲህ ሆነሽ ልትወጪ ነው?» ብላ ማድረቂያውን ካስክ ጭንቅላቴ ላይ ትደፋዋለች።

ካስኩ አሮጌ ነው። ሲነሳ አውሮፕላን ነው የሚመስለው። ሙቀቱ ጆሮዬን ይለበልበኛል፣ ዓለም በሙሉ ድምፁ ይጠፋል። ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር «ይሄም ቃል ሆኖ ነው? አታፍሪም?» እያለ የሚነዘንዘኝ፣ ውስጤ ተከራይቶ የሚኖር አንድ ሰውዬ አለ። እሱም ዛሬ የሚለው አይሰማኝም። እሰይ! ወረቀቱን አጥፌ ጭኔ ላይ አደርገውና ታሪኩን በለሆሳስ ለራሴ ማውራት እጀምራለሁ።

አክስቴ ስትኮርፍ ሻንጣ ታወጣለች። ባሏ፣ አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና ግትር ነው፤ ይቅርታ ከሚጠይቅ ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል። ሻንጣው ግን ከባድ ነው። ስለዚህ «አምጪ፣ ወገብሽን ትሰብሪያለሽ» ይልና ተሸክሞላት እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ይሄዳል። እዚያ ቆመው ይነታረካሉ። አውቶቡሱ ይመጣል፣ ጢም ብሎ ሞልቷል። «በይ ነገ ትሄጃለሽ» ይላታል፣ ሻንጣውን ያነሳል፣ ተከታትለው እየተነጫነጩ ይመለሳሉ። ስንት ዓመት! አንድ ቀን ታዲያ አውቶቡሱ ባዶውን መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ራሱ «ኧረ ግቡ፣ ሰው የለም» ይላል። አክስቴ አጎቴን ታየዋለች፣ አጎቴ አክስቴን ያያታል። «አትሂጂ» ማለት ለሱ ሞት ነው፣ «አልሄድም» ማለት ለሷ ሞት ነው። ሻንጣው ደግሞ…

ካስኩ ቀጭ ብሎ ይጠፋል።

«…መሃላቸው ቁጭ ብሏል!» ይላል አንድ ሰው እየጮኸ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ተኝታ የነበረችው ወይዘሮ ወንበሯን ወደ እኔ አዙራለች። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀርታለች። ለካ በለሆሳስ መስሎኝ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስጮህ ኖሯል።

«ከዚያስ?» ትላለች ወይዘሮዋ። «ገባች?»

እኔ ምን አውቄ! ያን ቀን ማታ ሲመለሱ ሁለቱም ይስቁ ነበር፤ ምን እንደተፈጠረ ግን ለማንም አልተነፈሱም። ወረቀቴ «እመቤቲቱ ወደማይታወቅ አድማስ ነጎደች» ነው የሚለው። ይሄን እዚህ ብናገር በማበጠሪያ ይቀጠቅጡኛል። አክስቴን ቀና ብዬ ለማየት አልደፍርም። ምናለ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ!

«አንቺ» ትላለች አክስቴ።

«አቤት።»

«ሻንጣው ውስጥ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ልብስሽ ነዋ።»

«የኔ ልብስ ምን ሊሠራ! የሱ ነው እንጂ። ሁሌም የሱን ነበር የማጭቀው፣ ካልሲው ሳይቀር። የኔን ብይዝ ማን ይከተለኛል?» ነጠላ ጫማዋን አስተካክላ ትቀመጣለች። «ያን ቀን ገባሁ። እሱም ተናዶ ሻንጣውን ከኋላዬ ወረወረው። በሩ ሊዘጋ ሲል «ልብሱ ያንተ ነው» ብዬ በመስኮት ነገርኩት። ሲሳደብ፣ ሲሳደብ፣ ዘሎ ገባ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደን በዚያው አውቶቡስ ተመለስን።»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ይናጋል። አክስቴም ትስቃለች፣ ዓይኗን በመሐረቧ እየጠረገች።

«ይሄንን ነው እንዴ ዛሬ የምታነቢው?» ትለኛለች።

«አይ፣ የማነበው የጀንበሯን ነው።»

«እሷን ተያት፣ ታልቅስ።»

«ይሄን ባወራ ግን አይከፋሽም?»

«የከፋኝስ ቅድም ነው፤ አንድም ነገር ሳይገባኝ ላጨበጭብ ነው ብዬ።»

ፀጉር ሠሪዋ ቢጎዲኑን መፍታቷን ትታ ስልኬን አንስታ ትጠብቀኛለች። «ልደውል ታዲያ?»

«ለማን?» እላታለሁ።

ከወንበሩ እነሳለሁ። ፀጉሬ ከኋላ ገና እርጥብ ነው፣ ሁለት ቢጎዲንም ቀርቶብኛል። ያ ውስጤ ያለው ሰውዬም «አታፍሪም?» ማለት ጀምሯል።

«አዳራሹ ውስጥ እኮ ካስክ የለም» እላታለሁ አክስቴን።

እሷ ግን ቦርሳዬን ከመስቀያው አውርዳ ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ በሩን ይዛልኝ ቆማለች።

«ቶሎ በይ እንጂ» ትለኛለች፣ «አውቶቡሱ ሳይሞላ።»