ዘይቱ ሠራ

የካንሰሩ መድኃኒት የእናቷን ፀጉር ሲጨርሰው፣ ወይንሸት ፀጉር ያበቅላል የተባለ የዓሣ ዘይት ጅቡቲ በሚመላለስ ሹፌር አስመጣች። ክርፋቱ ቤቱን ቢሞላውም ጠዋት ጠዋት አናቷን ማሸት አልተወችም። እናት ተስፋ አልነበራትም፤ ልጇ እንዳይከፋት ብቻ ራሷን ትሰጣታለች።

ዛሬ የወይንሸት ጣቶች ድንገት ቆሙ።

«እማዬ፣ በቀለ! ዘይቱ ሠራ!» እያለች ግንባሯን ደጋግማ ሳመቻት።

እናት አናቷን ስትዳስስ እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰ ነገር መዳፏን ነካት።

ሐኪሙ መጀመሪያውኑ «መድኃኒቱ ሳይቆም ፀጉርሽ አይመለስም» ብሏት ነበር። ከፋሲካ በፊት ደግሞ «ከእንግዲህ ስለማይረባሽ ይብቃሽ» አላት። ይህን ለልጇ አልነገረቻትም፤ በቀጠሮዋ ቀን እየወጣች ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ ትመለሳለች።

«ጨመር አድርጊበት» አለችና ራሷን ዝቅ አደረገችላት።