ሲወጋኝ ይሻለኛል

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰውነት ላይ መርፌ እየሰካ በሚያክመው ባለመርፌ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ባለመርፌው ራሱ፣ አልጋው ላይ የተጋደመችው ነፍሰ ጡር፣ እናቷ እና ልብስ ሰፊው ባሏ። ባልየው እዚህ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። እስከ ዛሬ የሚያመጧት እናቷ ነበሩ።

ካረገዘች ጀምሮ ሆዷ ውኃ እንኳ አልቀበል ብሏል። የባሏ ጠረን ደግሞ ከሁሉም ባሰባት። የስፌት መኪናው ዘይት ይሆናል ብሎ በሳሙና ታጠበ፤ ሳሙናውን ይብሱን ጠላችው። ፍራሹን ወደ ሳሎን አወጣ። ትናንት ከሥራ ገብቶ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ሚስቱ ከውስጥ ስለ ባለመርፌው ለእናቷ «ሲያወጋኝ ይሻለኛል» ስትል ሰማት። ቃሉ ጨርቅ ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ መርፌ ሆነበት፤ በተገላበጠ ቁጥር ይወጋዋል።

ባለመርፌው ወጣት ነው። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ይሆናል ብሎ ነበር የገመተው። ነጩ ጋዋን ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ልብስ ሰፊው ይህን ሲያይ ትንሽ ቀለል አለው።

«ሚስቴን የምታወጋት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ባለመርፌው ሳይደነግጥ። «በመጣች ቁጥር እወጋታለሁ። ዛሬ እግሯንም እወጋታለሁ።»

«እግሯንም ታወጋለህ?»

ነገሩ ቀድሞ የገባቸው አማቱ ናቸው። «ውይ ልጄ! ሲወጋኝ ነው እኮ ያለችኝ! ጆሮህን መኪናው ላይ ረስተኸው ነው እንዴ የምትዞረው?» ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሳቁ። ሚስቱም ትራሱ ውስጥ ፊቷን ቀበረች። ልብስ ሰፊው የሚገባበት ጠፋው።

ባለመርፌው ከእጇ አንጓ በላይ በሦስት ጣቱ ለካና በሁለቱ ጅማቶች መካከል ቀጭን መርፌ ሰካ። ሌላውን ከጉልበቷ በታች።

«ክር የሌለው መርፌ ምን ይይዛል?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሆዷን ይይዝላታል። ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ ለእሷ ግን እየሠራ ነው።»

ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና በቀትር ስለሚጮኸው ስለ ጎረቤቱ አውራ ዶሮ ያወራላት ጀመር። «ሰዓቱ የጠፋው እሱ ነው ወይስ እኛ?» ሲላት ሳቀች። ልብስ ሰፊው ይህን ሳቅ ከሰማ ቆይቷል። መውጋቱን እሺ ብሎ ነበር። ማውጋቱ ግን ከየት መጣ?

«ራበኝ» አለች ድንገት።

እናቷ ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ባዶ ነው፤ ስለማትበላ ምግብ መያዝ ትተዋል። ባለመርፌው ከመሳቢያው የራሱን ዳቦ አውጥቶ ቆርሶ ሰጣት። እሷም ጎረሰች።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ማመን አቃተው። ሙዙን ልጦ፣ ድንቹን ቀቅሎ፣ ሾርባውን እፍ ብሎ አብርዶ አቅርቦላታል። ከእሱ እጅ አንድ ነገር ያልቀመሰች ሴት የባዳ ዳቦ ስታኝክ ቆሞ ያያል። የሚለውን ባያውቅም የሆነ ነገር ሊል አንድ እርምጃ ቀረበ።

ማኘኳን አቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ መርፌ የሌለበትን እጇን አፏ ላይ ጫነች። የባሏ ጠረን ደርሷት ነበር።

ባለበት ቀጥ አለ። ዳቦው ገና ጉሮሮዋ ላይ ነው።

«ምን ሆንክ ልጄ?» አሉ አማቱ።

ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላው ተመለሰ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። የባለመርፌው ድምፅ ወደ አውራ ዶሮው ተመለሰ። ሳቋ መጣ። ከሳቋ በኋላ ደግሞ፣ «ሌላ ይኖርሃል?» ስትል ሰማት።

ልብስ ሰፊው ጥርሱን ነከሰ። ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ።

«ስጣት» አለ፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ስጣት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ዳቦውን ጨረሰች፤ አላስመለሳትም። ወደ ቤት ሲሄዱ እናትና ልጅ ተደጋግፈው ከፊት ሄዱ። ልብስ ሰፊው ነፋሱ ጠረኑን ወደ እሷ በማይወስድበት በኩል፣ ራቅ ብሎ ተከተላቸው።