«ቀይ ያድርጉት!»

«በሉ ክፈቱት!» አሉ ገምጋሚው።

ቧንቧው ተከፈተ... ውሃው ተንዠቀዠቀ!

ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። ሙካሩሲኔ ግን ዓይኗን ማመን አቃታት...

ለምን መሰላችሁ?

በዚያ ቧንቧ ውስጥ ጠብታ ውሃ እንደሌለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለማ!

ሙካሩሲኔ ሩዋንዳ ውስጥ የአንዲት ኮረብታማ ወረዳ ሥራ አስፈፃሚ ናት... ሕዝቡ «ጊቲፉ» ነው የሚላት።

እዚያ ሹም በዓመቱ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «ይህን እሠራለሁ» ብሎ ይምላል። ኢሚሂጎ ይሉታል። ዓመቱ ሲያልቅ ገምጋሚ ከች ይላል... ለሠራ አረንጓዴ፣ ላልሠራ ቀይ። ቀይ የወጣበት ወንበሩን ይሰናበታል።

እሷ የማለችው «ኮረብታው ላይ ውሃ አወጣለሁ» ብላ ነው።

መስመሩ ተዘረጋ፣ ታንከሩ ተተከለ... ውሃውን ከሸለቆ የሚገፋው ፓምፕ ግን አልመጣም። ለመነች፣ ጮኸች፣ ደጅ ጠናች... ወይ ፍንክች!

ታዲያ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?

ገምጋሚው አቶ ሙኔዜሮ እጃቸውን ታጠቡና ወደ አንዲት አሮጊት ዞሩ። «እማማ፣ ውሃው ሁሌ አለ?»

«ኧረ ጌታዬ! ሌት ተቀን ነው! ሸለቆ መውረዱን እኮ ረስተነዋል!» አሉ እማማ ካንዛይሬ ደረታቸውን ነፍተው።

ይሄኔ ሙካሩሲኔ ቀና ብላ አየቻቸው...

እማማ አናት ላይ ጀሪካን የሚያስቀምጡበት የሙዝ ቅጠል ጥምጥም አለ! ማውረዱን ረስተውታል... ገና ውሃ ይንጠባጠባል።

ሌሎቹንም አየች። የሴቶቹ ትከሻ ርሷል። የወንዶቹ እግር እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

ገባት!

መንደሩ በሙሉ ከንጋት ጀምሮ ከሸለቆ ውሃ እየተሸከመ፣ ያንን ዳገት እየወጣ ታንከሩን ሲሞላ ነው ያረፈደው... እሷ ከወንበሯ እንዳትነሳ!

እንባዋ መጣ። የትኛው ሹም ነው እንዲህ የተወደደ? እስቲ ንገሩኝ!

አቶ ሙኔዜሮ እስክሪብቶ አወጡ። «እንግዲህ አረንጓዴ ነው...»

ዝም ብትል አለቀ።

«ቆይ ጌታዬ... ቀይ ያድርጉት።»

ገምጋሚው ቀና ብለው አዩዋት።

«ይሄ ውሃ በቧንቧ አልመጣም። በሕዝቤ አናት ነው የመጣው።»

«አንቺ ልጅ አበድሽ እንዴ?!» ጮኹ እማማ ካንዛይሬ። «ላንቺው ብለን አይደል ወገባችን የተቆረጠው?!»

«አውቃለሁ እማማ። ግን ዛሬ ‹ውሃ አላቸው› ከተባለ ነገ ማን ፓምፕ ያመጣላችኋል? የእኔን ወንበር ለማትረፍ ዕድሜ ልካችሁን ልትሸከሙ ነው?»



ገምጋሚው ቀዩን ምልክት አደረጉ። ከዚያ ጠጋ ብለው በቀስታ...

«ቅጠሉን እኮ ገና ከመኪና ስወርድ ነው ያየሁት። እናቴም በዚያው ነበር የምትሸከመው... ስጠብቅ የነበረው እውነቱን ከአንቺ አፍ ነው። ቀይ ግን ቀይ ነው ልጄ።»

እውነትም ምሕረት አልተደረገላትም። ወረዳዋ መጨረሻ ወጣች። ሙካሩሲኔም ወንበሯን ለቀቀች።

ፓምፑስ?

ያ ቀይ ምልክት ጎትቶ አመጣው!

ውሃው የወጣ ቀን የሙካሩሲኔ በር ተንኳኳ። ስትከፍት እማማ ካንዛይሬ ቆመዋል... አናታቸው ላይ ያው የሙዝ ቅጠል፣ ከላዩ ጢም ያለ ጀሪካን።

«እማማ! ቧንቧ እያለ ምን ያሸክምዎታል?»

«ያን ቀን ውሸት ተሸክሜልሽ ነበር ልጄ... ዛሬ እውነቱን ልሸከምልሽ ብዬ ነው።»

እኔ ይሄን ስሰማ ሰውነቴን ነው የወረረኝ...

ትምህርቱ፦ ሕዝብ ከወደደህ ጉድለትህን ይሸፍንልሃል። አንተ ሕዝቡን ከወደድክ ግን ራስህ ገልጠህ ታሳያለህ።

እናንተስ በእሷ ቦታ ብትሆኑ... አረንጓዴውን ዝም ብላችሁ ትቀበሉ ነበር ወይስ «ቀይ ያድርጉት» ትሉ ነበር? ሳትዋሹ ኮመንት ላይ ንገሩን... 👇