የወይዘሮ ትብለጥ ሙግት

ዳይሬክተሩ ስለ ወይዘሮ ትብለጥ ታሪካዊ ፊልም ሊሠራ ልጃቸውን እማማ ደብሪቱን ጠየቃቸው።

«እናቴ አባቴን ዳኛ ፊት አቁማ፣ ራሷ ተከራክራ ርስቷን አስመለሰች» አሉት።

«በዚያ ዘመን ሴት እንዲህ ትናገር ነበር ብል ማን ያምነኛል፣ እማማ?»

በፊልሙ ውስጥ ቅንድቧን የተቀነደበችው ተዋናይት ሁለት ሰዓት ሙሉ አለቀሰች፤ የተሟገተላት ወንድሟ ነበር። ወይዘሮ ትብለጥ ወንድም አልነበራቸውም።

በምርቃቱ ዕለት ዳይሬክተሩ የጥንቱን የሴቶች ጭቆና አጋለጠ ተብሎ ተጨበጨበለት። እማማ ደብሪቱንም መድረክ ላይ አወጣቸው።

አንዲት ጋዜጠኛ «እናትዎ እንዲህ ነበሩ?» ብላ ማይኩን ሰጠቻቸው።

«እናቴማ እንኳን ልታለቅስ...» ብለው ሲጀምሩ ዳይሬክተሩ ማይኩን ከእጃቸው ወሰደ።

«እማማን ደስታው አፋቸውን ይዟቸዋል» አለ። «እኔ ልናገርላቸው።»