የዶን ሲሪሎ ዘር

ፊደንሲዮ የአረም መድኃኒቱን የረጨው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው። የረጨው ደግሞ የራሱን ማሳ አይደለም፤ የአበልጁን የዶን ሲሪሎን በቆሎ ነው።

በቆሎው ጉልበት ደርሶ ነበር። ፊደንሲዮ ሌሊቱን ሜስካል የሚሉትን አረቄ ሲጠጣ አድሮ፣ መርጫውን እንደ ሕፃን አዝሎ ትልሙን አንድ በአንድ አዳረሰው። ሰዎች ሮጠው ሲደርሱ መርጫው ባዶ ሆኗል።

«ምነው አበልጄ፣ ምን በደልኩህ?» አለ ሲሪሎ።

«አረምህን ነው የረጨሁልህ! ጉባኤ ላይ ስታዋርደኝ አበልጅነቴ ትዝ አለህ?»

ጠቡ የተነሳው የመንደሩ ጉባኤ ላይ ነው። መንደሩ ባለበት ተራራ ላይ መድኃኒት መርጨትም ሆነ የላብራቶሪ በቆሎ መዝራት ከተከለከለ ቆይቷል። ፊደንሲዮ ግን ከመዝራቱ በፊት ማሳውን ሲረጭ ተያዘ።

«የኔ ልጆች ድንበር ተሻግረው ሄደዋል» ብሎ ነበር ያን ዕለት። «በዚህ ወገቤ ማን ይኮትኩትልኝ? ቆላ ያሉት እየረጩ፣ እግራቸውን ዘርግተው አይደል እንዴ የሚያመርቱት?»

«የቆላው የላብራቶሪ በቆሎ ነው» አለው ሲሪሎ ብድግ ብሎ። «ይሄን መርዝ እንደ ውሃ ጠጥቶ የሚቆም እሱ ብቻ ነው። የአያቶቻችንን በቆሎ ጠብ ካለበት አለቀለት! ነፋስ ወደኔ ቢያመጣውስ?»

ጉባኤው ከሲሪሎ ጋር ወገነ። ፊደንሲዮም ለከርሞ ከሲሪሎ ቤት ዘር እንዳይሰጠው ተወሰነ። አንጀቱን ያሳረረው ይህ ነው።

ከሲሪሎ ቤት ዘር መከልከል ቀላል ነገር አልነበረም። ባለፈው በጋ ነቀዝ የመንደሩን ጎተራ ሁሉ ጠራርጎ በልቷል። ሰው የበቆሎ ቂጣውን፣ ቶርቲያውን፣ የሚጋግረው ከቆላ በጭነት መኪና ከሚመጣ ቢጫ በቆሎ ነበር፤ ቢጫነቱ እንደራሳቸው በቆሎ ቢሆንም ጣዕም የለውም ብለው ሲያማርሩ ከረሙ። የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ ግን የሲሪሎ ሚስት ዶኛ ኦቱሊያ የዘር እንስራዎቿን ከፈተች፤ ሁሉም እስከ አፋቸው ሙሉ ነበሩ። መንደሩ በሙሉ ከዚያ ወስዶ ዘራ። ቄሱ ሳይቀሩ በስብከታቸው አነሷት።

ሲሪሎ ያን ሰሞን በኩራት መንገዱ ጠበበው። ይሁን እንጂ እሱ ራሱ እንስራ ውስጥ እጁን ከትቶ አያውቅም። እዚያ አገር ዘር የሴት ነው፤ ወንድ የሰጡትን ይዘራል።

ዘንድሮ ደግሞ በቆሎው ሲበቅል ሌላ ጊዜ እንደሚያደርገው አንዱ ረጅም አንዱ ድንክ አልሆነም፤ የተለካ ይመስል እኩል ወጣ። ሲሪሎ የዝናቡ በረከት ነው እያለ ለሰው ሁሉ አሳይቶ ነበር። አሁን ያ ሁሉ መርዝ ጠጥቷል።

የጉባኤው ሊቀመንበር ኡባልዶ ፍርዱን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተናገረ።

«መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጨርስ ማንም ማሳው ውስጥ አይግባ። በቆሎው ከሞተ ፊደንሲዮ መሬቱን ለመንደሩ ይመልሳል፤ ራሱም ከዚህ ይወጣል። ዶን ሲሪሎ፣ እርስዎም አይዞዎት። ዘርዎ በየማሳችን በቅሎ የለም ወይ? ከየቤቱ ሰብስበን እንመልስልዎታለን።»

ይህን ጊዜ ኦቱሊያ እዬዬ ብላ አለቀሰች። ሴቶቹ ደግፈው ወሰዷት።

በማግስቱ መቆፈሪያ ይዛ ማሳው ዳር ተገኘች። ጉባኤው ያቆመው ዘበኛ መንገድ ዘጋባት።

«ልንቀለው! የሞተ ነገር ምን ትጠብቁበታላችሁ? ነቅዬ ባቄላ ልዝራበት!»

«ዶኛ ኦቱሊያ፣ በማርያም ይመለሱ። ማስረጃ ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋ እስኪርስ አለቀሰች። ዘበኛው ፊቱን አዞረ።

ቤት ስትመለስ ባሏን ተለማመጠችው።

«በቃ ይቅር በለው። ልጃችንን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። በስተርጅና የት ይድረስ?»

«አንቺ ነሽ ይቅርታ የምታስተምሪኝ? ለአንዲት ዶሮ ከእህትሽ ጋር ዓመት ሙሉ የተኳረፍሽው?»

«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። ሂድና ማሳው ይታረስ በላቸው።»

«የገደለው በቆሎ አይደለም፣ ሴትዮ። አባቴን ነው፣ አያቴን ነው። እያየሁ ነው ከዚህ መንደር የሚወጣት!»

ፊደንሲዮም ስካሩ ሲበርድለት ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። በቅሎዬን ውሰድ፣ በሬዎቼን ውሰድ፣ ከአገሬ ብቻ አታስወጣኝ አለ። ሲሪሎ በሩን ዘጋበት። ፊደንሲዮ በሩ ላይ ግንባሩን ደገፍ አድርጎ ትንሽ ቆየና ሄደ። ኦቱሊያ ምድጃው ጋ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች።

ጉም ተዳፋቱን ውጦ ሰነበተ። ማሳው ከመንደር አይታይም። ማሳው ከተረጨ ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ኡባልዶ ደወል አስደወለና ሰው ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ፊደንሲዮ ዕቃውን በበቅሎው ጭኖ፣ ሚስቱን አስከትሎ መጥቷል። ኦቱሊያ አሞኛል ብላ ቀረች።

ሲሪሎ ሲወጣ መንገዱን ሁሉ ይጸልይ ነበር። ሁሉም ይትረፍልኝ አላለም፤ ያን ያህል ተስፋ አልነበረውም። አንዲት አገዳ ብቻ በሕይወት እንድታቆይለት ለእመቤታችን ሻማ ተሳለ።

ማሳው ዳር ሲደርሱ ጉሙ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ የታየው አረሙ ነው፤ ከትልም እስከ ትልም ደርቆ፣ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል።

በመሃሉ በቆሎው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ቅጠል እንኳ ሳይጠወልግ ለምልሞ ቆሟል።