ሰንበር

በዚያ ዓመት ሁምቦ ላይ በልግ ሳይዘንብ አለፈ። በቆሎው በቁሙ ደረቀ፣ ከብቱም አለቀ። ደገፉ በሬዎቹ በሞቱበት ንዴት ሚስቱን ዘመነችን ከወትሮው አብልጦ በዱላ ደበደባት። ጡቷ ላይ ካንሰር የተገኘውም በዚያው ሰሞን ነው።

ሶዶ ሆስፒታል ሕክምና ስትጀምር ነርሷ ረድኤት አስጠነቀቀቻት።

«እናቴ፣ ይህ መድኃኒት ልብ ሊጎዳ ይችላል። ሕመሙ ሳይሰማዎት ደምዎ ቀድሞ ይነግረናል።»

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የደም ምርመራው ልብ መጎዳቱን አሳየ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን ልቧ ጤነኛ ነበር። ከሁለተኛውም በኋላ እንዲሁ ሆነ። ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ማሽን ጠረጠረ።

ዘመነች ማሽኑን አልጠረጠረችም። መድኃኒቱን በወሰደች ቁጥር ደገፉ ደረቱን ይዞ ሲያቃስት ያድራል፤ ሲነጋም በልቡ በኩል ቆዳው ላይ አዲስ ሰንበር ይገኛል።

ለሦስተኛው ዙር ተከትሏት መጣ። በሕክምና ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን ገለጠላት። ሰንበሮቹ ደም ቋጥረዋል።

«ይቅርብሽ» አላት።

«ካቆምኩ እሞታለሁ።»

«ከቀጠልሽ እኔ እሞታለሁ። ስለ ጌታ ብለሽ፣ ይብቃሽ።»

«እኔም ይብቃህ እል ነበር። አንተ ግን ዱላው ካልተሰበረ አታቆምም።»

ክንዷን ለረድኤት ዘረጋች። መድኃኒቱ ጠብ ማለት ሲጀምር ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ተሰማ፤ ደገመ፣ ሠለሰ። ረድኤት ዞር ብላ አየች። በክፍሉ ውስጥ ዱላ የያዘ ሰው አልነበረም። ደገፉ በእጆቹ ራሱን እየተከላከለ ከአግዳሚው ወደቀ።

ዘመነች ክንዷን ሳታንቀሳቅስ ጠበቀች።

በመጨረሻ ዱላው ሲሰበር ተሰማ።