‹‹ደህና ነኝ›› የማይቀበለው በር

አዋጁ ከወጣ ወዲህ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰን ሰው የቤቱ በር በየማለዳው ‹‹እንዴት አደሩ?›› ብሎ ይጠይቀዋል፤ እውነቱን ካልሰማ አይከፈትም። ሃምሳ አለቃ ሽብሩ ዳቦ ሊገዛ ለመውጣት በሩ ፊት ቆሞ ለአራተኛ ጊዜ፣ ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን!›› አለ።

‹‹እውነቱን ይንገሩኝ›› አለ በሩ።

‹‹ደህና ነኝ አልኩህ እኮ! ምን ዓይነት ጣጣ ነው!›› በእርግጫ መታው። ንቅንቅ አላለም።

‹‹እሺ! ጓዴን ደምሳሽን ጦር ሜዳ ላይ ቆስሎ እየጠራኝ ጥዬው ሸሽቻለሁ! ዛሬም ምነው ባልነጋ ስል ነው ያደርኩት! በቃህ?››

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ሚስቱ ወይንሸት ከኋላው ቆማ ሰምታለች።

‹‹አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ ‹ደህና ነኝ› እያልክ፣ ለበር ታወራለህ?›› አለችና በሩን መልሳ ዘግታ ፊቱ ተገተረች።

‹‹እንዴት አደርክ?››